ስኳር የሚገባበት በር

ፊልሙ ስድስት ሰከንድ ነው። አንድ ክብ ቤት አለ፤ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ አንድ ቡናማ በር ያለው። በሩ ዝግ ነው። ደጅ ላይ ነጫጭ የስኳር አንኳሮች ተደርድረዋል። ከቀኝ በኩል አረንጓዴ ቁልፍ እየተንሳፈፈ ይመጣና በሩን ይከፍታል፤ አንኳሮቹ እየተንከባለሉ አንድ በአንድ ይገባሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቤቱ የሰውነታችን ሕዋስ ነው፤ ቁልፉ ኢንሱሊን። እያንዳንዱን ሥዕል የሠራሁት በእጄ ነው፤ ለአንድ ሰከንድ ስምንት፣ በጠቅላላው አርባ ስምንት ሥዕል። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር ጥቂት ነው። እናቴን ሊያሳጣኝ የነበረውም እሱ ነው።

ጎንደር ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልብ እስልና "ይህ ይመታል" እላለሁ፤ ሥዕሉ ግን አይመታም። ደም እንዴት እንደሚዞር ለማሳየት ቀስት አሰምራለሁ፤ ቀስቱም ባለበት ይቀራል። እኔ ደግሞ የቆመ ነገር አልወድም። ሰሌዳው ፊት ወዲያ ወዲህ ስል ተማሪዎቼ አንገታቸው እስኪዝል ይከተሉኝ ነበር። ሥዕሌ በተንቀሳቀሰ እያልኩ ስንት ዓመት ተመኘሁ። እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ስመጣ ምኞቴ በሌላ መንገድ ተሳካ፦ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ፣ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ የሚንቀሳቀስ ነገር ተሰጠኝ፤ የፕላስቲክ ክዳን። ጠማማውን ከቀናው እለያለሁ። ዕብራይስጤ ለፋብሪካ በቃ፣ ለማስተማር አልበቃም።

እናቴ የምትኖረው ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው የአፉላ ሰፈር፣ ኮረብታው ላይ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለብቻዋ ነው፤ እኔ መሀል ከተማ ነኝ። ከቤቷ በታች ሞዓዶን የምንለው የአረጋውያን መዋያ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛዎቹ ስኳር አለባቸው። አንድ ቀን እናቴን ለምርመራ ይዤ ስሄድ፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ባዮሎጂ ማስተማሬን ሰማችና "እባክሽ ስለ ኢንሱሊን አስረጂልኝ፤ እኔ ስነግራቸው ሁሉም 'በሰደር፣ በሰደር' ብለውኝ ይሄዳሉ" አለችኝ። እሺ ማለት ነው ትርጉሙ። የዕብራይስጥ ፊልም ነበራት፤ ሙዚቃ ያለው፣ ተራኪው እንደ ጥይት የሚናገር። አንዴ አሳይታቸው ግማሾቹን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተር ላይ እደፋ ነበር። ድምፅ አላስገባሁበትም፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ማለቂያ እንዳይኖረው ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ ቢያመልጠው ደግሞ ይየው ብዬ።

ያ ማክሰኞ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ግድግዳው ላይ ቢጫው ቤት በራ፤ ቁልፉ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ስኳሩ ገባ። አስራ አንድ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው አዩ። እናቴ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የማወራው፤ ጥላዬ በየጊዜው ቤቱን ይጋርደዋል። "ስለዚህ መርፌያችሁን በየቀኑ መወጋት አለባችሁ፤ ያለ ቁልፍ በር አይከፈትም" አልኩ። "ገባችሁ?"

"ገባን ልጀ፤ ተባረኪ!"

"ጥያቄ ያለው?"

ማንም የለም። ከእናቴ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አድርገው "ምን ጥያቄ አለ፣ ቁልጭ አድርገሽ አሳየሽን፤ ዕድሜ ይስጥሽ" አሉ። ሌሎቹም ተራ በተራ መረቁኝ። እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

ማወቅ ነበረብኝ። አስተማሪን በሰው ፊት መጠየቅ እኛ ዘንድ እንደ መድፈር ይቆጠራል፤ "ያልነገርከን ነገር አለ" እንደ ማለት ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ስንት ያልገባኝን ነገር "ገባኝ" ብዬ ተቀምጫለሁ። በኋላም አስተማሪ ሆኜ ዝም ያለውን ክፍል ሁሉ የገባው ክፍል አድርጌ ስቆጥር ኖርኩ። የሰሌዳ ሥዕል ተሳስቼ ባስተምር ተማሪው በፈተና ይወድቃል እንጂ አይታመምም። ይህኛው ግን ሌላ ነበር።

ከወር በኋላ እናቴ ውኃ መጠጣት አበዛች። ማሰሮውን ጉልበቷ ሥር አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ቀሚሷ ሰፋት፤ ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ ቆማ ትተነፍሳለች። አዲስ ጫማ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት ልጧት ነበር፤ ያ ቁስል አልደርቅ አለ። ጣቷን ወግቼ ስለካ መሣሪያው የሚያሳየኝ ቁጥር ደሜን አፈላው። መርፌዋን በራሷ መውጋት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም። ስለዚህ ጥፋቱ ምግቧ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ መደምደም ላይ ማን ይቀድመኛል!

ከፋብሪካ ስወጣ በአንድ አውቶቡስ መሀል ከተማ፣ ከዚያ በሌላ ወደ ኮረብታው እወጣለሁ። ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ ቆሜ ነው የምሄደው፤ የተቀመጥኩ እንደሆነ አውቶቡሱ የዘገየ ይመስለኛል። ቤቷ ስገባ ሰላም ሳልል ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። ጠያቂ ያመጣው ጭማቂ፣ የተምር ብስኩት፣ ማር፤ ያገኘሁትን ሁሉ በፌስታል እየጠቀለልኩ ቆሻሻ እጥላለሁ።

"ልትሞቺብኝ ነው እንዴ የምትፈልጊው?" ብዬ ጮህኩባት አንድ ቀን።

"አትጩሂ ልጀ፣ ጎረቤት ይሰማል" አለች።

"ይስማ! ማን ነው ይህን ማር ያመጣው?"

"እንግዳ ቢመጣ ብየ ነው። እኔ አልቀመስሁትም።"

አላመንኳትም። የገዛ እናቴን እንደ ሌባ ነው የፈተሽኳት፤ የምንጣፉን ሥር ሳይቀር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሐኪሙ መጠኑን ጨመረላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጨመረ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ጣቷን አገላብጦ አየና በዕብራይስጥ፣ ለእኔ ብቻ፣ "ስኳሩ ካልወረደ ይህ ጣት መቆረጡ ነው፤ ወደ እግሯ ከዘለቀ ደግሞ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው" አለኝ። እናቴ ከንፈሩን ታይ ነበር። "ምን አለ?" አለችኝ። "ደህና ነሽ አለ" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠማማው ክዳን ከቀናው ጋር እያለፈኝ አለቃዬ ሁለቴ ጠራኝ።

ነገሩ የወጣው ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ተበላሽቶ በጠዋት የተለቀቅን ቀን ነው። አራት ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ደረስኩ። በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። እንደ ልማዴ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። የሚጣል ነገር አጣሁ። የአትክልቱን መሳቢያ ሳብኩት፤ ከጎመኑ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። አምስት የኢንሱሊን መርፌዎች፤ ብዕር የሚመስሉት፣ አንዳቸውም ያልተነኩ።

መርፌዎቹን እንደያዝኩ ጠራኋት። እናቴ የልብስ መቆንጠጫ በእጇ እንደያዘች ከበረንዳው ገባች።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መርፌው ነው።"

"መርፌ መሆኑማ ይታየኛል! ለምን አልተወጋሽም?"

"ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም!"

"እንግዲያው ቁመሽ ስሚ" አለችና ራሷ ተቀመጠች። "ስኳር ጠላትሽ ነው አላላችሁኝም? ሐኪሙም፣ አንችም። ስኳር አትብይ፣ ስኳር አትጠጭ። እሽ ብየ ተውሁ። ከዚያ አንች ያን ሥዕል አመጣሽ። ስኳሩ ደጅ ቁሟል፣ በሩ ተዘግቶበታል፤ ደግ። መርፌው መጣና ከፈተለት፤ ገባ። እንደገና መጣ፣ ከፈተለት፤ እንደገና ገባ። ቤቱ መቸ ይሞላል ብየ ጠበቅሁ። አይሞላም፤ ማለቂያ የለውም። ለካ እኔ አፌን ጠብቄ ስኖር የሚያስገባብኝ መርፌው ኑሯል አልሁ።"

"ተወጉ እያልኩ አልነበረም እንዴ?"

"አፍሽ ተወጉ ይላል፣ ሥዕልሽ አትወጉ ይላል። ዓይኔን አመንሁ።"

ሁለት ወር ተኩል። ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ አንድም ቀን አልተወጋችም። ሐኪሙ ሲጨምር፣ ሲጨምር የነበረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለተቀመጠ መድኃኒት ነው።

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም እማ?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ልጀን ላሳፍር? ፊትሽን አየሁት እኮ። እንደዚያ ብርት ብሎ ያየሁት አስተማሪ ሁነሽ የተቀጠርሽ ቀን ነው።"

"እሺ እዚህ ቤትስ? ሁለታችን ብቻ ስንሆን?"

መቆንጠጫዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እዚህማ መች ትቀመጭልኛለሽ? ማቀዝቀዣውን ትከፍቻለሽ፣ ትጮሂያለሽ፣ ትሄጃለሽ።"

ኩሽናው መሀል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ግን ማልቀሴን ስታይ ደነገጠችና ከእጄ አንዱን መርፌ ወሰደች። "በቃ ልጀ፣ ተሳስቸ ከሆነ አሁን ልወጋ" አለች። ዘልዬ እጇን ያዝኩ። ሐኪሙ ያዘዘው የመጨረሻው መጠን ለሁለት ወር ተኩል ላልተወጋ ሰውነት በአንዴ ቢገባ ስኳሯን አውርዶ ሊጥላት ይችል ነበር። ያን ቅጽበት እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ይቅርታዋን በመርፌ ልትጠይቀኝ ነበር።

ክንዷን ይዤ ደረጃውን ስንወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመችና "የኒህንም በር አንኳኪ፤ እኒህም እንደኔ ናቸው" አለች። ሽማግሌው በሩን ከፈቱ፤ ነገሩን ስነግራቸው ወደ እናቴ እያዩ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውም አንድ ቀን ወግተው አንድ ቀን ይዘሉ ነበር። "ሥዕሉን እንዳልክድ፣ ሐኪሙንም እንዳላስቀይም ብየ ነው" አሉ። ሁለቱን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ነርሷ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሐኪሙ የእናቴን መጠን ወደ ጥንቱ መለሰው። ነርሷ ደግሞ ለቀሩት ዘጠኝ ሰዎች እዚያው ደወለችላቸው፤ እኔ በአማርኛ አናገርኳቸው። ከነሱ ሁለቱ "በሰደር" ሲሉኝ በዚያች ቃል ተናደድኩና "በሰደር አትበሉኝ! ማቀዝቀዣችሁን ክፈቱና ያለውን ንገሩኝ" አልኩ።

በማግስቱ ኮምፒውተሬን ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ፊልሙን አቁሜ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መቀመጥ ከበደኝ፤ እግሬ ጠረጴዛው ሥር ይደንስ ነበር።

"ይህ ነጩ ቦታ ምንድን ነው?" አለች፣ ከቤቱ ውጭ ያለውን በጣቷ እያሳየች።

"ደም ነው።"

"ደም ቀይ አይደለም ወይ?"

ባዶ የተውኩት ስለታከተኝ ነበር። አርባ ስምንት ጊዜ ቀይ መቀባት ሰልችቶኝ ነጭ ተውኩት። ስኳሩ ደም ውስጥ መከማቸቱን፣ የሚጎዳንም እዚያ ሲቆይ መሆኑን፣ የዓይንና የእግርን ሥር የሚያበላሸው እዚያ እንደሆነ በአፌም በሥዕሌም አልነገርኳቸውም። እኔ ስለማውቀው የሚታይ መስሎኝ ነበር። ለሷ ግን ደጅ ማለት ደጅ ነው፤ ከቤት ውጭ የቀረ ነገር አይነካትም።

ይህን ስነግራት ጣቷን መልሳ ነጩ ቦታ ላይ አደረገች። "አሀ" አለች። "ታዲያ ስኳሩ ጠላት አይደለማ። እህል ነው። ጎታው ባዶ ሁኖ፣ ልጆቹ በርሃብ እየሞቱ፣ እህሉ መንገድ ላይ ፈሶ ሲበሰብስ። መንገዱም በሱ ተዘግቶ።"

ይህን ያለችው ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። እኔ ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

"እስቲ ቤቱ ውስጥ ሰው ሣይበት" አለች። "ማን ሊበላው ነው የሚገባው? ባዶ ቤት እህል አይገባም። መርፌውም አንዴ መጥቶ ይሂድ፤ በቀን አንዴ አይደል የምንወጋው? ደግሞ ማብቂያ ይኑረው። የማያልቅ ነገር ያስፈራል።"

ሠራሁት። አሁን ደሙ ቀይ ነው፤ ሁሉንም ቀባሁት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እናቴ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች። ሥራ ላይ ስልክ ስለማይፈቀድ ድምፅ ብቻ ትተውልኛለች፦ "ከፈትሁ፤ እህሉ ገባ።" ለቁርስ እስክወጣና ያቺን ቃል እስክሰማ ድረስ ዓይኔ ክዳኑ ላይ አያርፍም። ቁጥሩ ወረደ፤ ቀስ እያለ፣ ግን ወረደ።

ጣቷ ግን አልዳነችም። ሐኪሞቹ ቁስሉ ቆይቷል፣ ሳይዘልቅ ትቆረጥ አሉ። ኦፕራሲዮኑ አጭር ነው ተብሏል፤ እኔ ግን የሆስፒታሉን ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ጥበቃው "የጠፋብሽ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሥዕሉንም የሠራሁት እኔ፣ ማቀዝቀዣውን እየከፈትኩ የጮህኩትም እኔ። ማንም ሊያጽናናኝ ቢሞክር እጣላው ነበር።

እናቴ መራመድ ስትጀምር ወደ ሞዓዶን ተመለስን። አስራ አንዱም መጥተዋል። ፊልሙን ከማብራቴ በፊት ፊታቸው ቆምኩና ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩትን ተናገርኩ።

"ባለፈው ያሳየኋችሁ ስሕተት ነበር። ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ።"

"ኧረ ምን በወጣሽ!" አለች አንዷ።

"አንች አልተሳሳትሽም፣ እኛ ነን ያልገባን" አሉ ሽማግሌው።

"ተባረኪ ልጀ፣ የደከምሽው ይበቃል!"

ከዳር እስከ ዳር ምርቃት ሆነ። በዚያ ሁሉ ደግነት መሀል ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ስሕተቴን አፍኜ እንድይዘው ነበር የሚመርቁኝ፤ ያንኑ በሰደር ነበር መልሰው የሚሰጡኝ።

እናቴ ተነሣች። ሐኪሙ ያዘዘላትን ፊቱ ክፍት የሆነ ጫማ አድርጋለች፤ ፋሻው ይታያል።

"ተሳስታለች" አለች።

ምርቃቱ ቆመ።

"ልጀ ናት፤ ተሳስታለች። እኔም አይቸ ዝም አልሁ፤ እንዳላሳፍራት ብየ።" እግሯን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረገች፤ ሁሉም አዩት። "አሁን ደግማ ታሳየናለች። ያልገባው ይጠይቅ። ያልመሰለው አልመሰለኝም ይበል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንችም ቁጭ በይ።"

ከጎኗ ተቀመጥኩ። አዲሱ ፊልም ሃያ ሰከንድ ነው። ቀዩ ጎርፍ ውስጥ ስኳሩ ተከምሯል፣ ቤቱ ውስጥ ሰዎች እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ አንዴ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባላቸው፣ በሉ፣ መንገዱ ጠራ። በሩ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ የተዘጋው ቢጫ ቤት ብቻ ቀረ።

ማንም አልመረቀኝም። ተነሥቼ ላብራራ ስል እናቴ ጉልበቴን ይዛ አስቀረችኝ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። "ነገስ?" አሉ። "ቁልፉ ነገ ባይመጣስ?"

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ጉልበቴን ጠበቅ አደረገችው። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት መልሱን ጀመረች፤ ስኳሩ በራሱ በሩን ገፍቶ ይገባል አለች። ተሳሳተች። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ እላይዋ ላይ እየጮሁ፣ አረሟት።